ያልተመዘገበው ጎሚኒ

በረዶ እሁድ ጠዋት ከእንቅልፉ የነቃው በገዛ ቤቱ መሬት ላይ እንዲተኛ ሲፈረድበት እየሰማ ነው። ፈራጇ ሚስቱ ናት። ከመጋረጃው ወዲያ የስፌት ማሽኗን ተደግፋ፣ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ሰክታ፣ እጇ ሥራ መፍታት ስለማያውቅ የአንዲት ደንበኛዋን ቀሚስ ጠርዝ እየዘመዘመች፣ "ምን ችግር አለው አባባ! አልጋው ላይ እርስዎ ይተኛሉ፣ እኔ ፍራሽ አነጥፋለሁ፣ እሱ እንደሆነ የትም ይተኛል" ትላለች። የትም! በረዶ ዓይኑን ሳይገልጥ ይህ "የትም" የሚባል ቦታ የቤቱ የትኛው ጥግ እንደሆነ በሐሳቡ ፈለገው። ፍለጋው ብዙ አልፈጀም፤ ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ግማሹን አልጋው ይዞታል፣ የቀረውን ግማሽ የስፌት ማሽኑ፣ ግድግዳውን ደግሞ ባለቤቶቻቸው ለክተው ከሄዱ በኋላ ወፍረው የረሷቸው ቀሚሶች። ባዶ የቀረው ከማሽኑ መርገጫ እስከ በሩ ያለው መተላለፊያ ነው። እዚያ የተኛ ሰው ሙሉ በሙሉ ከተዘረጋ እግሩ የሚያድረው ጎረቤት ነው።

በረዶ ስሙ አይደለም። የመኪና ኤሲ ጠጋኝ ስለሆነ ጋራዡ ውስጥ የወጣለት ነው። ቀኑን ሙሉ የጋለ ሞተር ላይ ተደፍቶ ላቡን ሲያንጠፈጥፍ የሚውል ሰው በረዶ መባሉ ከባለጋራዡ በቀር ማንንም አስቆ አያውቅም። የሰው መኪና ሲያቀዘቅዝ ይኖራል እንጂ የራሱ መኪና የለውም፤ ቤቱ ውስጥ ማራገቢያ እንኳ የለም። መስኮት አለ፤ እሱም የሚከፈተው ወደ ጎረቤት ማዕድ ቤት ስለሆነ ከሙቀቱ ጋር የሽንኩርት ሽታ ይጨምርበታል።

"ሰምተሃል አይደል?" አለች ሚስቱ መጋረጃውን ገልጣ።

"ተኝቼ ነበር።"

"አንተ ተኝተሃል፤ ጆሮህ ግን ቁጭ ብሎ ነበር። ስማ፣ አባባን ሙቀቱ ሊገድላቸው ነው። ወይ የመኪናቸው ኤሲ ዛሬ ይሠራል፣ ወይ ማታ ሻንጣቸውን ይዘው እዚህ ናቸው። ያሉኝ ይሄንን ነው።"

"ለምን ወደ እናትሽ ቤት አይመለሱም?"

መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ በሐዘኔታ አየችው። "አንተ ደግሞ፣ ኤሲውን ጠግን አልንህ እንጂ እናትና አባቴን ጠግን አልንህ?"

የሚስቱ አባት መኪና ውስጥ መኖር ከጀመሩ ወር ሊሞላቸው ነው። ለሰው ሲያወሩት ቀልድ ይመስላል፤ ቀልድ ቢሆንማ በረዶም በሳቀ። አባባ ዕድሜ ልካቸውን የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ወንበር ይሁን ጠረጴዛ፣ የወረቀት መብሻ ሳይቀር፣ ሆዱ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ካልተጻፈበት ከእጃቸው አይወጣም። ጡረታ ሲወጡ የግድግዳ ሰዓት ሸለሟቸው፤ ሰዓቱን ገልብጠው ቁጥር ፈለጉበት፣ አጡ፣ ሲከፋቸው ዋለ። የመጀመሪያውን የጡረታ ሳምንት ተኙ። በሁለተኛው አንድ ቆርቆሮ ቀይ ቀለምና ቀጭን ብሩሽ ገዝተው ከቤታቸው በር ጀመሩ። ወንበሮቹ ተቆጠሩ፣ መስታወቱ ተቆጠረ፣ ድስቱ ከነክዳኑ ሁለት ቁጥር ወሰደ፣ መጥረጊያው እንኳ ማዕረግ አገኘ። ድመቷ ብቻ ሮጣ አመለጠች። እማማ፣ ቤቱ ከእናታቸው የወረሱት የራሳቸው ቤት ቢሆንም፣ "ሥራ ፈትቶ ከሚነዘንዘኝ ይጻፍ" ብለው ተዉአቸው። አንድ ቀን ጠዋት ግን፣ እማማ ገና ከአልጋ ሳይወርዱ፣ አባባ ተንበርክከው በራስጌው ጣውላ ላይ "17" ሲጽፉ ደረሱባቸው። እማማ በጨዋታ፣ "እኔስ? ስንተኛ ነኝ?" አሉ። እንግዲህ ትዳር የቀመሰ ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ምን እንደሚመለስ ያውቃል። "አንቺማ አንደኛ ነሽ" ብሎ ብሩሹን ማጠብ ነው። አባባ ሥራ ላይ ጨዋታ አያውቁም። ጥቂት አሰቡና፣ "አንቺ ለብቻሽ ቁጥር አያስፈልግሽም፤ ከአልጋው ጋር ነሽ" አሉ።

እማማ አልጮኹም። ቢጮኹ ነገሩ እዚያው በበረደ። ዝም ብለው ለበሱ፣ ፀጉራቸውን አበጠሩ፣ ከዚያ "በስምህ ያለውን ይዘህ ውጣ" አሉ። አባባ እንደ ደንበኛ የመንግሥት ሠራተኛ ትዕዛዙን መረመሩት፤ ቤቱ የሚስታቸው ነው፣ ዕቃው የቤቱ ነው፣ በስማቸው ያለችው መኪናዋ ብቻ ናት። ትራሳቸውን፣ የልብስ ሻንጣቸውን፣ ሬዲዮናቸውንና የቀለሙን ቆርቆሮ ይዘው ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር የቆመችው መኪና ውስጥ ገቡ። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። እማማ ሲያነሷቸው "እሳቸው" ይላሉ፤ ዕድሜውን ሁሉ "አንተ" ሲባል ለኖረ ባል ከዚህ የባሰ ስድብ የለም። ምግብ ግን አልተቋረጠም። ሳህኑን በሞተሩ ክዳን በኮፋኖው ላይ ያስቀምጣሉ፣ ላሜራውን በጣታቸው ኳ ኳ ያደርጋሉ፣ ዞር ብለው ሳያዩ ይመለሳሉ።

በረዶ የመሣሪያ ቦርሳውን፣ ከጋራዡ የተዋሰውን ፓምፕና የጋዝ ጠርሙስ ተሸክሞ ወጣ። ታክሲ ውስጥ ጠርሙሱን ያዩ ተሳፋሪዎች "ይሄ ነገር ይፈነዳል?" ሲሉት፣ "እኔ ካልፈነዳሁ እሱ አይፈነዳም" ብሎ ዝም አሰኛቸው። መንገድ ላይ እሁድም ቢሆን ግማሽ በር የሚከፍት መለዋወጫ ሻጭ አለ። ከበሩ ሥር ጎንበስ ብሎ ለቧንቧ መገጣጠሚያ የምትሆን፣ ጋዝ እንዳያፈስ የምታፍን አንዲት የላስቲክ ጎሚኒ ጠየቀ። ሻጩ ከጣት ቀለበት የማትበልጥ ጥቁር ጎሚኒ አውጥቶ የአንድ ሰው ምሳ ዋጋ ጠራባት።

"ለዚች?"

"እኔን አትየኝ፤ እኔም ስገዛት እንዳንተ ነው የጮኽኩት።"

በረዶ ጎሚኒዋን በሸሚዙ ግራ ኪስ ከተታትና መንገዱን ቀጠለ። እየሄደ ሲያስበው ነገሩ ከሁለት ያጣ ነው። ኤሲውን ካልሠራ አባባ ማታ አልጋው ላይ ናቸው፣ እሱ የትም። ኤሲውን ከሠራ ደግሞ ሰውዬው መኪናዋ ውስጥ እስከ ዕለተ ሞታቸው ተመችቷቸው ይኖራሉ፤ እማማ በበኩላቸው፣ ባላቸውን ከቤት ያስቀረ አማች በደጃቸው ዝር እንደማይል ለልጃቸው ከነገሩ ሰንብተዋል። ጎበዝ ሙያተኛ መሆን እንዲህ ጣጣ አለው። ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ማን ይጠራው ነበር?

የግቢው በር ላይ የአጥር ጎረቤቲቱ አንገቷን አስግጋ ጠበቀችው። "ምነው በረዶ፣ በእሁድ ምን ልትፈታ ነው?"

"ዳዶ።"

"እኛማ ትዳሩን መስሎን ሰው ጠርተን ነበር።"

መኪናዋ በዕድሜ ከበረዶ ትበልጣለች። ድሮ ሰማያዊ እንደነበረች የሚታወቀው ከበሩ እጀታ ሥር ባለው ጥላ ብቻ ነው፤ ሌላው አካሏ ፀሐይ ልሶት የታጠበ ውሃ መስሏል። አባባ ግን ቤት አድርገዋታል። የኋላው ወንበር መኝታ ቤት ነው፤ ትራሱ ተስተካክሎ፣ አንሶላው ተወጥሮ። የፊቱ ወንበር እንግዳ መቀበያ ነው። በመሪው ላይ ፎጣ ተሰጥቷል፣ መላጫቸው ከኋላ ማሳያው መስታወት ሥር ተንጠልጥሏል፣ የዳሽቦርዱ መሳቢያ ውስጥ ስኳርና ብስኩት አለ። መስኮቱ ሁሉ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል፤ ምክንያቱም አባባ በነፋስ መመታትን ከሞት አስበልጠው ይፈራሉ። ስለዚህ ውስጡ ምድጃ ነው። አባባ በውስጥ ልብስና በመነጽር ምድጃው ውስጥ ተቀምጠው ሬዲዮ ይሰማሉ፤ ላባቸው ከግንባራቸው ተነስቶ በአፍንጫቸው በኩል እየዞረ አገጫቸው ላይ ይጠራቀማል። በረዶ ኮፋኖውን ኳ ኳ ሲያደርግ "ሳህኑ ይቀመጥ" አሉ። ማን እንደሆነ ሲያዩ ኮታቸውን በውስጥ ልብሱ ላይ ደርበው በሩን ከፈቱለት።

"ግባ ልጄ። በሩን ቀስ አድርገህ ዝጋ፤ ማጠፊያው ደክሟል።"

"አባባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ኤሲው የሚሠራው ሞተሩ ከተነሳ ብቻ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቤንዚን ሲያነዱ ሊያድሩ ነው?"

"የቤንዚኑን ለኔ ተወው። አንተ ብርዱን አምጣ።"

ሥራው ከመጀመሩ በፊት አባባ በበረዶ ቦርሳ ውስጥ ያለውን ሁሉ ጨርቅ ላይ አስዘረጉትና አንድ በአንድ ጮክ ብለው ቆጠሩት። መፍቻ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ መዶሻ፣ የዝገት ዘይት። "ሲገባ ያልተቆጠረ ሲወጣ ያጣላል" አሉ። ጎሚኒዋ ኪሱ ውስጥ ነበረች፤ በረዶ ረስቷት፣ ሳትቆጠር ቀረች።

ኮፋኖውን ከፍቶ መለኪያውን ሰካ። ቀስቱ ዜሮ ላይ ተኝቷል። ጋዙ ተንኖ ካለቀ ዘመን ሆኖታል፤ ባያልቅ ኖሮ መገጣጠሚያውን ዝም ብሎ መክፈት ዓይን ያሳጣ ነበር። ያፈሰሰው ከየት እንደሆነ ለማወቅም ዕውቀት አይጠይቅም። ከባትሪው ሥር ጠልቆ፣ አንዱ ቧንቧ ከሌላው የሚገናኝበት ዳዶ ዙሪያ፣ ዘይትና አቧራ ተቦክቶ ጥቁር ጭቃ ሠርቷል። ዳዶውን መፍታት፣ ውስጥ ያለችውን አሮጌ ጎሚኒ በአዲስ መለወጥ፣ መዝጋት፣ ጋዝ መሙላት፤ በቃ። በወረቀት ላይ ቢጻፍ የቁርስ ሰዓት ሥራ ነው። ነገር ግን ዳዶው ብረት ነው፣ ቧንቧው አሉሚኒየም። ሁለቱ ዘመን አብረው ኖረው፣ በመሃላቸው ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገት አብቅለው፣ የማን ጥርስ የማን እንደሆነ እስከማይለይ ድረስ ተናክሰዋል። ጉልበት ያለው ሰው ቢያገኘው ይሰብረዋል። ጉልበት ያለው ሰው ደግሞ በከተማው ሞልቷል፤ በረዶ ሥራ የማያጣውም በነሱ ምክንያት ነው።

ዘይቱን ረጨበትና "እስኪጠጣ እንጠብቅ" አለ። አባባ ሰዓታቸውን አዩ፤ በረዶ ወደ ቤት ገባ።

እማማ ምሳ አቅርበው፣ እሱ ሲበላ እሳቸው ከፊቱ ተቀምጠው ድስት ይፈትጋሉ። ድስቱ ላይ ከቀይ ቀለም የተረፈች የአንድ ቁጥር ጭራ አለች። ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ተፍቋል፤ ወንበሩ ቆስሏል፣ በሩ ቆስሏል፣ መስታወቱ ጥግ ላይ በምላጭ ተጭሯል። በረዶ እየጎረሰ በተከፈተው የመኝታ ቤት በር ወደ ውስጥ ቢያይ፣ የአልጋው ራስጌ ላይ "17" እንደነበረ ቁጭ ብሏል። ከአልጋውም የተነጠፈው አንዱ ወገን ብቻ ነው፤ ሌላው ትራሱ ጎድሎበት ልክ ትናንት ሰው እንደተነሳበት ይጠብቃል። እማማ ዓይኑ የት እንዳለ አዩና ተነስተው በሩን ዘጉት።

"ስማኝ ልጄ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ያንን የምትፈታውን ነገር ስበረው።"

"እንዴ፣ እማማ?"

"ስበረውና 'አልሆነም' በላቸው። ሙቀቱ ራሱ አንጠልጥሎ ያምጣቸው። ሌላው ቢቀር ከበሩ ላይ ቆመው ይቅርታ ይላሉ።"

"እዚህማ አይመጡም። ኤሲው ዛሬ ካልሠራ እኛ ቤት ነው የሚገቡት። ሻንጣቸውን ሸክፈዋል።"

የእማማ እጅ ድስቱ ላይ ቆመ። ይህን አልሰሙም ነበር። "እናንተ ቤት? እዚያ ሣጥን ውስጥ? የት ሊተኙ?"

"አልጋው ላይ።"

"አንተስ?"

"የትም።"

ከውጭ የአባባ ሬዲዮ ስለ ዓለም ገበያ ያወራል። እማማ ድስቱን አስቀመጡና እጃቸውን በጉርዳቸው ጠረጉ። "መኪና ውስጥ ሲተኙ ቢያንስ ግቢዬ ውስጥ ናቸው" አሉ። "ጠዋት ሲያስሉ እሰማለሁ። ልጃቸው ቤት ገቡ ማለት ግን ተለያዩ ማለት ነው። ሰው ምን ይላል? ያቺ የአጥሯ አንገትስ ምን ትላለች?" ይህን ሲናገሩ የተቆጡት በማን ላይ እንደሆነ ለማወቅ አይቻልም ነበር፤ በባላቸው፣ በጎረቤቲቱ፣ ወይስ ምሳውን በሚበላው ሰው። በረዶ ለጥንቃቄ ቶሎ ቶሎ ጎረሰ።

ሲመለስ ዳዶው ዘይቱን ጠጥቶ አመስግኖ ከነግትርነቱ ተቀምጧል። የዚህ ሥራ ምስጢሩ ሁለት መፍቻ ነው። አንደኛው ቧንቧውን ይይዛል፣ ሁለተኛው ዳዶውን ያዞራል፤ የያዘው ከለቀቀ ቧንቧው እንደ እርጥብ ጨርቅ ይጠማዘዝና ዕለቱኑ ይሞታል። ያውም አንደኛው መፍቻ የሚገባው ከፊት በኩል፣ ሁለተኛው ከጎን ስለሆነ የአንድ ሰው ክንድ ሁለቱን አያዳርስም። በረዶ አባባን እንዲይዙለት ጠየቀ። አባባ "እኔ አዞራለሁ፤ መያዝ የልጅ ሥራ ነው" አሉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። እሱ ያዘ፣ እሳቸው ገፉ። ምንም። ደግመው ገፉ፤ ዳዶው ሳይሆን የአባባ ወገብ ነው የተንቋቋው። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነ። በረዶ አወቀ፤ አንዱ ይዞ፣ አንዱ ገፍቶ፣ ሌላው በመዶሻ ቀስ ቀስ እያደረገ ካልኮረኮመው ይህ ነገር ከዓመታት እንቅልፉ አይነቃም። ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል። ሦስተኛው ሰው ደግሞ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው በረንዳው ላይ ቆመው ያያሉ።

"እማማ፣ ይሄንን ይይዙልኛል?"

አባባ ኮፋኖው ሥር ራሳቸውን ቀበሩ። እማማ እንዳልሰሙ ሆኑ። ከዚያ ከበረንዳው ወርደው መጡና፣ ባላቸው የሌሉ ይመስል በረዶን ብቻ እያዩ መፍቻውን ከእጁ ተቀበሉ። በረዶ መዶሻውን አንስቶ የእማማን ፊት ሰረቅ አድርጎ አየ፤ ያ "ስበረው" ያለው ዓይን አሁንም አለ። ከዚህች ቅጽበት በኋላ የሱ አልጋ የተንጠለጠለው በእማማ አንጓ ላይ ነው። አንዲት ንዴት፣ አንዲት እጅ ማላላት፣ ከዚያ ቧንቧው ይጠመዘዛል፣ አባባ ሻንጣቸውን ያነሳሉ፣ እሱም ከማሽኑ መርገጫ ሥር ይዘረጋል።

"መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቅ ነው የሚገፋው" አለ በረዶ። "ዝገቱ የሚላቀቀው እንደዚያ ነው። ከዚያ ወደ መፍታት።"

"ማጥበቁን እሳቸው ያውቁበታል፤ ሌላ ያውቃሉ እንዴ?" አሉ እማማ ለመዶሻው።

"ንገራት፤ መፍቻው ጥርስ ላይ አልተቀመጠም" አሉ አባባ ለባትሪው።

"ንገራቸው፤ ዓይን አለኝ።"

በረዶ ለማንም ምንም አልነገረም፤ መኮርኮሙን ቀጠለ። ታ፣ ታ፣ ታ። አባባ ገፉ። ላባቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ደርሶ አልወድቅም አለ። እማማ ያዙ። የጣታቸው አንጓ ነጣ። ጎረቤቲቱ አጥሩ ላይ ተሰቅላ አፏን በእጇ ይዛለች። እማማ እንደገና ጀመሩ።

"እስቲ ጠይቃቸው። መሥሪያ ቤታቸው ውስጥ ከአልጋ ጋር የተመዘገበ ሰው ነበር?"

አባባ እየገፉ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ፣ "ንገራት" አሉ። "ስንት ዓመት በዚያ ክፍል ስኖር፣ የተመዘገበ ዕቃ አንድም ጠፍቶብኝ አያውቅም። የጠፋው ሁሉ ያልተመዘገበው ነው። ያማረ ያማረ ወንበር፣ ገና ቁጥር ሳይጻፍበት፣ በጠራራ ፀሐይ ወጥቷል። የተመዘገበ አይጠፋም። ጡረታ ስወጣ... ቤት ስገባ..." መፍቻውን እንደገና ገፉ። "ንገራት፤ የምጽፈው እንዳይጠፋብኝ የምፈራው ላይ አይደለም እንዴ?"

የበረዶ መዶሻ በአየር ላይ ቆመ። መፍቻው በእማማ እጅ ውስጥ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ቧንቧውም ለመጠማዘዝ ሲዘጋጅ ሲጥጥ አለ።

"ያዢ እንጂ!" ብለው ጮኹ አባባ።

"ይዣለሁ! አንተ አዙር!"

"ወደ ታች ጫኚው!"

"አንተ ገፋ አድርግ፣ ዕድሜህን ሁሉ ወረቀት ስትገፋ ኖረህ..."

ቋ! አለ ዳዶው። ድምፁ እንደ ደረቅ እንጨት ስለነበረ ሦስቱም የሆነ ነገር ተሰበረ ብለው ደነገጡ። የተሰበረ ነገር ግን የለም። ዳዶው ተነቃንቋል፣ ቧንቧው ቀጥ እንዳለ ነው። አባባና እማማ ራሳቸውን ከኮፋኖው ሥር አውጥተው፣ እጃቸው እስከ አንጓው ጠቁሮ፣ ከወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ተያዩ። ተያይተውም ዝም አላሉም። ወር ሙሉ የተጠራቀመው በአንድ ጊዜ ወጣ፤ ማን መስኮቱን ዘግቶ እንደሚያፍን፣ ማን ሬዲዮ ከፍቶ እንደሚያንኮራፋ፣ ማን ማንን በልጁ ፊት ምን እንዳለ። ጎረቤቲቱ አንዱን ሳታጣጥም ሌላው እየመጣባት ተቸገረች። በረዶ በዚህ መሃል ዳዶውን በጣቱ እያዞረ አውጥቶ ውስጡን አየ። አሮጌዋ ጎሚኒ ደርቃ፣ ሲነካት እንደ ሻይ ቅጠል ተፈረካከሰች።

"አለቀ?" አሉ አባባ ከጥሉ መሃል ዞር ብለው።

የበረዶ እጅ ወደ ሸሚዙ ኪስ መሄድ ጀመረና መንገድ ላይ ቆመ። አማቶቹን አያቸው። እማማ ጥቁሩን እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ጉርዳቸው ላይ አምስት ጣት አትመዋል። አባባ በኮትና በውስጥ ልብስ ቆመው ያለከልካሉ።

"መፍታቱ አልቋል" አለ። "ግን አዲስ ጎሚኒ ይፈልጋል። እሁድ ስለሆነ ሱቅ ዝግ ነው። እንዲህ ክፍት ሆኖ ደግሞ አይሠራም።"

አባባ ከመነጽራቸው በላይ ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት፤ በረዶ የቦርሳውን ማሰሪያ ማሰር ጀመረ። "እንግዲህ" አሉ አባባ፣ "ሻንጣዬን ላምጣ። ልጄ ቤት..."

"የት አባክ ልትተኛ?" አሉ እማማ። "ይሄ ልጅ ከስፌት ማሽን ሥር ሊያድርልህ? አታፍርም?"

"ታዲያ የት ልግባ? አንቺ አስወጥተሽኝ።"

እማማ ወደ መኪናዋ ሄደው የኋላውን በር ከፈቱ፤ አንሶላውን ገለጥ አድርገው ከወንበሩ ሥር ያለውን የቀለም ቆርቆሮና ብሩሹን አወጡ። ክዳኑን በካቻቢቴ ገነጠሉት። ቀለሙ ላይ ቆዳ ሠርቷል፤ በብሩሹ ጭራ በጥሰው አማሰሉት።

"ዙር።"

"ምን?"

"ዙር አልኩህ። እኔ ቤት ያልተመዘገበ ዕቃ አይገባም።"

በረዶ አሁን ይፈነዳሉ ብሎ ጠበቀ። አባባ ግን ለአፍታ ሚስታቸውን ሲያዩ ቆዩና፣ እንደ ታዘዘ ወታደር ዞረው ጀርባቸውን ሰጡ። ኮቱን በእጃቸው ወጠር አድርገው ያዙላቸው፤ ጨርቁ ከተጨማደደ ቀለሙ እንደማይይዝ ያውቃሉ። እማማ በቀስታ ጻፉ። ብሩሹ በጨርቁ ላይ ሲሄድ ይሰማል።

"ቁጥር የሚጻፈው በግልጽ በሚታይ ቦታ ነው" አሉ አባባ ሳይዞሩ።

"ጀርባህ በደንብ ይታያል። ወር ሙሉ እሱን ስታሳየኝ አልነበር?"

"ስንት ጻፍሽ?"

"የአልጋውን።"

አባባ ቀለሙ እንዳይበላሽባቸው ትከሻቸውን ቀጥ አድርገው ወደ መኪናዋ ሄደው ትራሳቸውን አነሱ፣ ሬዲዮናቸውን አጠፉ። እማማ ቀድመው ገቡ፤ በሩን ግን አልዘጉትም። ጎረቤቲቱ ከአጥሩ ስትወርድ አንድ ጣሳ ገለበጠች፤ ድመቷም ብሩሹ የመጣባት መስሏት ሮጠች።

በረዶ ፓምፑን በአንድ እጁ፣ የጋዝ ጠርሙሱን በሌላው አንጠልጥሎ፣ ቦርሳውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ለሚስቱ "ፍራሹን መልሺው" ብሎ እንዴት እንደሚደውልላት እያሰበ የግቢው በር ሲደርስ ከኋላው ተጠራ።

"በረዶ!"

አባባ ትራሳቸውን እንዳቀፉ በረንዳው ላይ ቆመዋል። ወደ ቤቱ ገረመም አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ጎሚኒው በግራ ኪስህ ነው።"

በረዶ ላቡ እንደገና ጀመረው።

"ጠዋት ስታጎነብስ አይቼዋለሁ" አሉ አባባ። "ስቆጥር ግን ጨርቁ ላይ አልነበረም። አልመዘገብኩትም።" ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ያልተመዘገበ ዕቃ ምን እንደሚሆን ደግሞ ነግሬሃለሁ።"

ይህን ብለው ዞሩ። ገና ያልደረቀው ቀይ አሥራ ሰባት፣ ከበሩ ጠርዝ ጋር እንዳይነካካ በጎን እየተጠነቀቀ፣ ወደ ቤት ገባ።